ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

እኛ ሰዎች አንድ ነገር እናሻሽል ስንል መጀመሪያ የምንገዛው ቀለም ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ዳቦ ቤቱ ዳቦው አነሰ ተብሎ ሲታማ ግድግዳውን ይቀባል፤ ጸጉር ቤቱ ደንበኛ ሲሸሸው መስተዋት ይጨምራል፤ የታክሲው ባለቤት ፍሬኑ አልይዝ ሲለው የወንበር ልብስ ያስቀይራል። ክፋት አይደለም። የሚታየውን ማሳመር ይቀላል፣ ያየ ሰውም «አበጀህ» ይላል። ፍሬን ያስጠገነን ሰው ማን አበጀህ ብሎት ያውቃል? ሽሮ ሜዳ አብራኝ ጥልፍ የምትጠልፍ አንዲት ጓደኛዬ አለች፤ ደንበኛዋ «ቀሚሱ ብብቴን ያዘኝ» ብላ ስትማረርባት ጥለቱን በወርቅማ ክር አሰፋችላት። ሴትየዋ መስተዋት ፊት ተገላብጣ አይታ፣ አመስግና ሄደች። ብብቷ እንደተያዘ መሆኑን ያስታወሰችው ሰርጉ ላይ ለጭፈራ ስትነሳ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የዕድራችንን ጉዳይ ላጫውታችሁ። ዕድራችን ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሰው ሰብስቦ የሚቀብር፣ ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ማኅበር ነው። ከሱሉልታ በኩል ወርዶ ከተሜ የሆነው፣ ከጥንት እዚሁ ተወልዶ ያረጀው፣ ሸማኔው፣ ሹፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሁሉም አባል ነው። እኔ የሴቶች ተወካይ ነኝ፤ ማለትም ከስብሰባው ስነሳ ድስት የማጥበው እኔ ነኝ። ዳኛችን ጋሽ አበራ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ከመጋዘን አልወጡም፤ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ የዕድሩን ደንብ ደግሞ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይደግሙታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ላይ አሮጌው ድንኳናችን አዋረደን። ዝናቡ ከላይ እየገባ ንፍሮውን ሾርባ አደረገው፤ አንድ ከሩቅ የመጡ ለቀስተኛማ ድንኳን ውስጥ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሐዘንተኛው ያለቅሳል፣ እኛ በሳቅና በእፍረት መሀል ሆነን መሬት መሬት እናያለን። በሳምንቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «አገልግሎታችንን እናሻሽል» የሚል ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባው ላይ ቢኒያም የሚባል፣ የአባቱን አባልነት የወረሰ፣ ቢሮ የሚሠራ የሰፈራችን ጎልማሳ ተነስቶ ደህና ነገር ተናገረ። ያለን አቅም አንድ ወይም ሁለት ነገር ቢያሠራን ነው፤ ስለዚህ የሁሉንም ምኞት ከመቆነጣጠር ለተገልጋዩ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውን መርጠን እሱን እናስቀድም አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንድ አዛውንት ግን ተገልጋይ የተባለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ አበራ ሳያመነቱ «ሟቹ ነዋ» አሉ።

«እንግዲያው የሚጠቅመውን የሚያውቀው እሱ ነው። የሚጠይቀው ሰው ይመረጥ» አሉ አዛውንቱ።

ሳቅ ሆነ። ቢኒያም «እ... ማለቴ ቤተሰቡን፣ ሐዘን የደረሰባቸውን...» ሲል ሳቁ ዋጠው። እኔም ስቄአለሁ። ጥያቄው ሳይመለስ አለፈ፣ ተመልሶ ያነሳውም የለም።

ከዚያ ምኞቱ ጎረፈ። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው አግዳሚ ወንበሩ ይቅርና መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ አሉ። ጥሩምባ ነፊያችን የድምፅ ማጉያ ጠየቀ። ዘመዱ የትየለሌ የሆነ ነጋዴ ሰፊ ድንኳን አለ። እኛ ሴቶች ጭሱ ዓይናችንን ስላጠፋው የጋዝ ምድጃ ፈለግን። ኋላ ሳስበው ሁላችንም ስለ አገልግሎት እያወራን በየሆዳችን የየራሳችንን ቀብር እየጎበኘን ነበር። ወገብ የሚያመው እንግዶቹ ተመቻችተው ሲቀመጡለት ይታየዋል፣ ነጋዴው ዘመዱ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ሲያለቅስለት ይታየዋል። ከራስ በላይ ነፋስ። እጅ ወጥቶ ድንኳኑ አሸነፈ።

ድንኳኑ መጣ። ጠብታ የማያሳልፍ፣ በነፋስ የማይወዛወዝ፣ ሲተከል ከዊንጌት የሚታይ የሚመስል ነው። ከእሱ ጋር አረንጓዴ ቀለምም ተገዛ፤ አላልኳችሁም? ጋሽ አበራ የዕድሩ ዕቃ ሁሉ ምልክት ይደረግበት አሉ፤ ቀድሞ አንዲት አግዳሚ ወንበር ከአንድ ለቅሶ ቤት ሳትመለስ ቀርታ እስከ ዛሬ ታንገበግባቸው ነበርና። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጤና በጤና ሆነ። ሰው ሁሉ ድንኳኑን ሄዶ ዳሰሰ፣ አደነቀ፤ የሚመርቀው ግን ጠፋ።

ዕጣው ለእትዬ ጫልቱ ደረሰ። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ያላቸው የጋሽ ጉርሙ ባለቤት ናቸው፣ የእኔም የግድግዳ ጎረቤት። ደም ግፊት አለባቸው ሲባል እንሰማ ነበር፤ ግን እንደሳቸው የሚስቅ ሰው ይሞታል ብሎ የሚያስብ የለም። ሳቃቸው ግድግዳ አልፎ እኔ ቤት ይገባና ምን እንደተባለ ሳልሰማ አብሬ እስቅ ነበር። ስለ እኚህ ሴት ቀልድ አይሆንልኝም። በጣም እወዳቸው ነበር።

ለቅሶው ያለ እንከን ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከእንጦጦ የወረደ ዝናብ ድንኳኑን ሲደበድበው ዋለ፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጋሽ አበራ ቀና ብለው ጣራውን እያዩ ፈገግ ይሉና፣ ያሉበት ትዝ ሲላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ድንኳኑን አመሰገነ፤ «እግዜር ያጽናዎ» ብሎ ለጋሽ ጉርሙ፣ «አበጃችሁ» ብሎ ለእኛ። በሠልስቱ ቀን ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ወረደ፣ ወንበሩ ተነሳ፣ ድስቱ ታጠበ፣ ጋሽ አበራ ሲኒ ሳይቀር ቆጥረው ተረከቡ። ገና ምልክት ያልነበረው ዕቃም እዚያው ደጅ ላይ አረንጓዴ ተቀባ። ጀምበር ሳትጠልቅ ግቢው ባዶ ሆነ። ፍቼ የተዳረችው አንዲት ልጃቸው ጥቂት ሰንብታ፣ ትንንሽ ልጆች ትታ ነበርና እያለቀሰች ተመለሰች።

ጎሚስታ ቤቱ ግን አልተከፈተም። ባለጎማው ሁሉ ከደጅ እየተመለሰ ወደ ሌላ ሄደ። ጋሽ ጉርሙ በልተው ያድራሉ ወይ ብትሉ የወሰድኩላቸው ሰሃን እንደሄደ ይጠብቀኝ ነበር። ልብሳቸው ሰፋቸው። በሰፈራችን እንዲህ ሲሆን ሰው በሹክሹክታ የሚናገራት አንዲት ቃል አለች፤ ዳቦ ቤት ስሰለፍ ከኋላዬ ሰማኋት። «ጉርሙ ይከተላታል» ተባለ። ተናጋሪዋን ልመታት ምንም አልቀረኝ። የተቆጣሁት እውነቷን ስለመሰለኝ ነው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ትኩስ ሽሮ ይዤ ብገባ ጋሽ ጉርሙ ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የጉለሌን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚቻል አይደለም። እዚያ ቦታ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። ሁልጊዜ ማታ ማታ፣ እሳቸው ከሥራ ሲገቡ፣ ባልና ሚስት እዚያች ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና በኦሮምኛ ይጨዋወታሉ፤ እትዬ ጫልቱ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እሳቸው የዋሉበትን የጎማ ወሬ ያወራሉ፣ ሳቁ ወደ እኔ ቤት ይሻገራል። ወንበሯ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኩ።

«ዕድሩ ወሰዳት» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። የዕድሩን አግዳሚዎች የሠራው የአዲሱ ገበያ አናጢ የእሳቸውንም ሠርቶላቸዋል፤ ቁመቷም እግሯም አንድ ነው። የሰፈሩ ልጆች የዕድሩን ዕቃ ሲያነሱ እሷንም አብረው አነሷት፣ አረንጓዴም ቀቧት። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ ከሐዘንተኛ ደጅ ቆርጠን ሄድን። ያውም ቆጥረን። ታዲያ ለምን የኔ ናት አላሉም አልኳቸው። አዩኝ፤ በዕድሜ ትልቅ ሰው የማይረባ ነገር የጠየቀውን ልጅ እንደሚያየው ነው ያዩኝ።

«እሷ ሄዳ ስለ እንጨት ልሟገት?» አሉ።

በነጋታው ጋሽ አበራን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸዋል። የአግዳሚው ቁጥር ሞልቷል፣ ድሮ የጠፋችው ተገኘች ይላሉ። የተገኘችው የጋሽ ጉርሙ ናት አልኳቸው። ምልክት አለባት አሉ። ምልክቱን የቀባነው እኛ ነን አልኩ። ሊሆን ይችላል፣ ግን በአንድ ሰው ቃል የዕድር ንብረት አላወጣም፣ የማን መሆኗን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል አሉኝ። ጉባኤው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰውየው እስከዚያ ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ ነው? ወይስ እስከዚያም አይደርሱ ይሆናል? ይህን ስላቸው ፊታቸውን አዞሩና ደንቡን ደገሙልኝ፤ የዕድር ዕቃ ከዚህ ቤት የሚወጣው ለሐዘን ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ስቆጣ ድምፄ ይቀንሳል፤ ባለቤቴ ከጩኸቴ ይልቅ ይህን ይፈራዋል።

«ለሐዘን ነው የምጠይቅዎ» አልኩ።

«ለማን ሐዘን?»

«ለጋሽ ጉርሙ።»

«የሳቸውማ በሠልስት አለቀ።»

«አለቀ ያለዎት ማነው?»

ጋሽ አበራ ቁልፉን ካንገታቸው ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው በሩን ከፈቱ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ግን የጥንቱ ጋሽ አበራ ተመልሰዋል። በሐዘን ከወጣች ደንቡ ደንብ ነው፣ የዕድር ዕቃ ባለበት ቤት ተረኛ አባል ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል አሉ። እልህ የሚወጡብኝ መሰለኝ። ይሁን ብዬ ወንበሯን ከባለቤቴ ጋር ተሸክመን ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩምባው ተነፋ። ሰው ነጠላውን እያጣፋ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። ጥሩምባ ነፊያችን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አንዲት የዕድር አግዳሚ ወንበር ጋሽ ጉርሙ ቤት ስለወጣች ከየቤቱ አንድ ሰው በየተራው ከሥራ መልስ እየተገኘ ይጠብቅ አለ። የሰፈሩን ፊት ባያችሁልኝ። ግማሹ እፎይ አለ፣ ግማሹ ተናደደ። ለአንዲት እንጨት ዘበኛ? ማንስ ይሰርቃታል? ነጋዴው የወንበሯን ዋጋ ልክፈልና ገላግሉኝ አለ። ቅጣት ግን ይፈራል፣ ከቅጣቱም በላይ ስሙ በጉባኤ ፊት መጠራቱ ይፈራል። ሁሉም እያጉረመረመ ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቀልድ አይበቁም። ተረኛው በአንዱ ጫፍ፣ ጋሽ ጉርሙ በሌላው ጫፍ ይቀመጣሉ፤ መሀል ላይ እትዬ ጫልቱ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነው። ተረኛው ስልኩን ያያል፣ ሳል ይስላል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ቢኒያም በተራው ቀን ጋሽ ጉርሙ ምን እንደሚፈልጉ በደንብ ጠይቆ ሊሰማ አስቦ ሄዶ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ተመለሰ። «ምን አወራችሁ?» ስለው «በቃ፣ ተቀመጥን» አለኝ። ከዚያ አንዷ ሴት ጊዜዬን ከምገድል ብላ ልትልጠው የያዘችውን ሽንኩርት ይዛ ሄደች፤ ጋሽ ጉርሙ አይተዋት አይተዋት ቢላዋ አምጥተው አገዟት። የሱሉልታ ሰው የሆነው ጎረቤታችን በተራው ሄዶ በኦሮምኛ ሲያወሩ አመሹ። አንድ ባለታክሲ ደግሞ መቀመጤ ካልቀረ ብሎ የተነፈሰ ጎማውን እያንከባለለ መጣ። ጋሽ ጉርሙ ጎማውን አገላብጠው የቀድሞውን ልጥፍ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን የለጠፈው ማን ነው?» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲቆጡ የሰማቸው የለም።

ባለታክሲው የሌላ ጎሚስታ ስም ነገራቸው። የዚያን ዕለት ማታ ስለዚያ ልጥፍ ብዙ ተወራ፣ ሌላ ሰውም መጥቶ ጨዋታው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአዲሱ ገበያ ክር ገዝቼ ስመለስ የጎሚስታ ቤቱ ኮምፕሬሰር ሲጮኽ ሰማሁ። ጆሮ የሚበጥስ አስቀያሚ ድምፅ ነው፤ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ያን ቀን ግን አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሰማሁት፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

ምግቡም መበላት ጀመረ። ማጉረምረሙ አልቀረም፣ የዕድር ሰው ካላጉረመረመ ይታመማል፤ ግን ተራ የሚለዋወጠው፣ «የኔ ሐሙስ ነው፣ ረቡዕን ስጪኝ» የሚለው በዛ። የገረመን ጋሽ አበራ ናቸው። የቀረ ሰው ካለ ስሙን መጥራት ትተው ራሳቸው ይተካሉ። የቀረ ባይኖርም ይመጣሉ። ቁጥጥር ነው ይላሉ፤ አንዲትን ወንበር ምን ያህል መቆጣጠር እንደሚቻል እንጃ፣ እስኪመሽ ድረስ በጋሽ ጉርሙና በተረኛው መሀል ተጠጋግተው ተቀምጠው ይቆጣጠሩ ነበር። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ከከተማው ወዲያ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል።

ፋሲካ አለፈና ጉባኤው ደረሰ። ቢኒያም ተነስቶ ካሻሻልናቸው ነገሮች ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። «ድንኳኑ» ተባለ፣ እጅ ወጣ። ጋሽ ጉርሙም እጃቸውን አወጡ፤ እውነታቸውን ነው፣ የእትዬ ጫልቱን ለቀስተኛ ዝናብ አልነካውም። ከዚያ የወንበሯ ጉዳይ ቀረበ። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፤ አናጢውንም አነጋግሬ የሠራት ለማን እንደሆነ ሊመሰክር ከኋላ ተቀምጧል። ጋሽ አበራ «አቶ ጉርሙ፣ ወንበሯ የእርስዎ ናት?» ብለው ጠየቁ። የእሳቸው ከሆነች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የግል ዕቃ ተረኛ አያስፈልገውም። ጋሽ ጉርሙ ተነሱ። አናጢውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«እኔ እንጃ፤ ሳያት ሳያት የዕድሩ ትመስለኛለች» አሉ።

አናጢው አፉን ከፍቶ ነበር፣ በክርኔ ጎሸም ሳደርገው ዘጋው። ጋሽ አበራ እንግዲህ የዕድሩ ከሆነች ሐዘኑ እስኪያልቅ እዚያው ትቆይ፣ ተራውም ይቀጥል ብለው ወሰኑ። ሐዘኑ መቼ እንደሚያልቅ የጠየቀ የለም፣ ያጉረመረመም የለም። ነጋዴው እንኳ አልተናገረም።

ስብሰባው ተበትኖ ዕቃ ቤቱን ቆልፈን ከጋሽ አበራ ጋር አቀበቱን ወጣን። እኔ በድል ሰክሬአለሁ፣ ልቀልድባቸው አሰኝቶኛል። በመሀል ቆም አሉ።

«ሙሉ» አሉኝ፤ «ከአግዳሚዎቹ አንዷ እኔ ቤት ብትወጣ፣ ደንቡ ምን የሚል ይመስልሻል?»

«ለሐዘን ብቻ ነዋ፣ ደንቡን ለእርስዎ እኔ ልንገርዎት?» አልኩ እየሳቅኩ። «እርስዎ ቤት ማን ሞተ?»

«ባለቤቴ» አሉ።

ከቀበርናቸው ዓመታት አልፈዋል። በአሮጌው ድንኳን ነው የቀበርናቸው። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑን ያስወረዱት፣ ወንበሩን ያስነሱት፣ ደጃቸው ላይ ቆመው ሲኒውን አንድ በአንድ ቆጥረው የተረከቡት ራሳቸው ጋሽ አበራ ነበሩ፤ እኛም ጽናታቸውን አድንቀን ወደየቤታችን ገባን። እጄን ዘረጋሁ፣ ቁልፉን ካንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለስን።